የጎ ቋንቋ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሥራ ሲመዘን

እውነቱን ለመናገር አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ መጣ ሲባል ይታክተኛል። ሁሉም ያው ሁኔታ ይፈትሻል፣ ያው ዑደት ይደጋግማል፤ አንዱ ሰሚኮለን ይጠይቃል፣ ሌላው የመስመር መግቢያ ክፍት ቦታ ይቆጥራል። በፈረንጆች 1995 ብቻ ጃቫ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ፒኤችፒና ሩቢ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሕዝብ ቀረቡ። የማይክሮሶፍቱ ሲ ሻርፕ ደግሞ ብቅ ያለው የጃቫ ፈጣሪ ሰን ማይክሮሲስተምስ ማይክሮሶፍትን በጃቫ ምክንያት በ1997 ከከሰሰ በኋላ ነው። የሁለት ቤት ጠብ ለእኛ የጥናት ዕዳ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ ጎ የተባለውን ቋንቋ የያዝኩት በጥርጣሬ ነው። ሮበርት ግሪስመር፣ ሮብ ፓይክና ኬን ቶምሰን በ2007 ጉግል ውስጥ ጠነሰሱት፤ በ2009 ይፋ ሆነ፣ የመጀመሪያው ሙሉ እትም በ2012 ወጣ። ከምክንያቶቻቸው አንዱ ግዙፍ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራሞች ኮምፓይል እስኪደረጉ (ኮዱ ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፋይል እስኪለወጥ) መጠበቅ ስላሰለቻቸው ነበር። እኔ ግን ደሴ ሸዋበር ተቀምጬ ለእህል ነጋዴዎች የመጋዘን መዝገብ እጽፋለሁ። ኮምቦልቻ የገባውን ማሾና ማሽላ በኩንታል ለሚቆጥር ፕሮግራም የጉግል ችግር ምኑ ነው?

መልሱን ያገኘሁት በፍላሽ ነው። ጎ ሥራው ሲያልቅ የሚሰጠው አንድ ፋይል ብቻ ነው። እኔ በሊኑክስ እጽፋለሁ፤ ሁለት ቅንብር ስቀይር ለዊንዶውስ የሚሆን ፋይል ይወጣል፣ ለአሮጌው ባለ 32 ቢት ማሽን ጭምር። ጃቫ ወይም ፓይተን ቢሆን በተለመደው መንገድ ፕሮግራሙን የሚያንቀሳቅሰውን ማስኬጃ ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ መጫን ወይም አብሮ ማሸግ ይጠይቃል። የመጋዘኑ ባለቤት ፋይሉን ስገለብጥ አይተው፣ «ይኼው ነው ልጄ? ሌላ የሚጫን የለውም?» አሉኝ። «አብሽሩ ሐጂ፣ ይኼው ነው» አልኳቸው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጉድለቱም አለ። ስህተት ተፈጥሮ እንደሆነ የሚጠይቀው ያው ሦስት መስመር በየገጹ ይመላለሳል፤ ዓይን ያደክማል።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላው ነው። ጎ በግዕዝ ፊደል ስም ማውጣት ይፈቅዳል፤ «ዋጋ»፣ «ኩንታል» ብትሉ ኮምፓይለሩ አይቆጣም። ሆኖም በቋንቋው ሕግ አንድ ስም ከራሱ ጥቅል (አብሮ ከተደራጀ የኮድ ክፍል) ውጭ እንዲታይ በካፒታል ፊደል መጀመር አለበት። የእኛ ፊደል ደግሞ ካፒታልና ትንሽ ብሎ አይለይም። ስለዚህ «ዋጋ» ከቤት የማትወጣ ሙሽራ ሆና ትቀራለች። ይባስ ብሎ መረጃው ወደ ጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ ወደሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ሲለወጥ እንዲህ የተሰየሙት የመረጃ መስኮች አንዳች የስህተት መልእክት ሳይሰጥ ይዘለላሉ፤ መስኮቹ በሙሉ በግዕዝ ከተሰየሙ የሚወጣው ባዶ ቅንፍ ነው። መላው ከፊታቸው አንድ የላቲን ካፒታል መለጠፍ ነው፣ አስቀያሚ ቢሆንም ይሠራል። ቻይንኛና ጃፓንኛም ካፒታል ስለሌላቸው ጣጣው የጋራ ነው። ጃቫ ይህን «ፐብሊክ» በሚል ቃል ይገልጸዋል እንጂ በፊደል ቅርጽ አይወስንም፤ ፓይተን 3 ደግሞ ጨርሶ አይከለክልም። ከሩቅ አንድ ዓይነት የሚመስሉት ቋንቋዎች የሚለያዩት እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ ብዛታቸውን የማማረር ስሜቴም ትንሽ የበረደው ለዚህ ነው። ትንሽ ብቻ! ከግማሽ በላዩ ነገ ቢጠፋ ኮምቦልቻ ውስጥ የሚያለቅስ አይኖርም።

የመጋዘን፣ የመድኃኒት ቤት ወይም የሱቅ መዝገብ ለምትሠሩ ጎን እመክራለሁ፤ ነፃ ነው፣ ለመማርም አያስቸግርም። ለአንድሮይድ መተግበሪያ ግን ኮትሊን የተባለው ቋንቋ ይሻላችኋል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ከ1.21 ጀምሮ ያሉት የጎ እትሞች ዊንዶውስ 7ን አይደግፉም። የደንበኛችሁ ኮምፒውተር እንደ ሐጂ ማሽን አሮጌ ከሆነ 1.20ን አውርዳችሁ አስቀምጡ።