ፍሮንታል ወይስ ክሎዠር? ለአንድ ዊግ 54,800 ብር ካወጣሁ በኋላ

ሰሞኑን ስልኬ ሲጠራ ሳላነሳው አውቀዋለሁ። "ያ ዊግሽ ስንት ነው? ከየት ነው የገዛሽው? እኔስ የቱን ልግዛ?" ጥር ገባ፣ ሠርጉ በላይ በላዩ ሆነ፣ ጥያቄውም አብሮ በዛ። ለእያንዳንዷ ከምደጋግመው አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ገለልተኛ አይደለሁም። ምርጫዬ አጭር፣ ያለ ሙጫ የሚጠለቅ፣ ክሎዠር (አናት ላይ ብቻ ትንሽ መረብ) ያለው ሂውማን ሄር፣ ማለትም የእውነተኛ ሰው ፀጉር ነው። እዚህ የደረስኩት ግን ሁለት ጊዜ ከተበላሁ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው አርቴፊሻል ነበር። ፊቱ ላይ ሌስ (ስስ መረብ) ያለው፣ 2,800 ብር። ፎቶ ላይ ያምራል፣ አልዋሽም። እኔ ግን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የምሠራው መሀል ከተማ ነው። ጠዋት በአቧራ ወጥቼ ማታ በአቧራ እገባለሁ። የታክሲው መስኮት ነፋስ አለ፣ የጃኬቴ ኮሌታ አለ፣ በሦስተኛው ሳምንት ማጅራቴ ላይ ያለው ፀጉር ተጠቅልሎ የበግ ለምድ መሰለ። ፒያስትራ (የፀጉር መተኮሻ) ቢነካው ይስተካከላል ብዬ ሞከርኩ። ጫፉ ተኮማትሮ ቀረ። ሙቀት የሚችል አርቴፊሻልም አለ፣ እሱም ቢሆን ፒያስትራው በጣም ካልተቀነሰ ይቀልጣል። ስድስት ሳምንት ቆየልኝ። ሲካፈል በወር ወደ 1,870 ብር ይመጣል። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

ጉዱ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። 22 ኢንች፣ 13 በ4 ፍሮንታል፣ "መቶ ፐርሰንት ሂውማን ሄር፣ 12ኤ፣ ብራዚሊያን"። ቴሌግራም ላይ ከምትሸጥ ልጅ፣ 38,000 ብር። ቀንሺልኝ ስላት "ዶላሩን እያየሽ እህቴ" አለችኝ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ጀምሮ፣ ሻጭ ሁሉ መልሱ ይቺ ናት። ውሸትም አይደለም። ግን ጥሩውም ፎርጅዱም በዶላር ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ዋጋው መወደዱ ብቻውን ስለ ጥራቱ ምንም አይነግራችሁም።

ልዩነቱን ለማታውቁ ባጭሩ፦ ሌሱ እንደ አጎበር የሳሳ መረብ ነው፣ ፀጉሩ በእጅ አንድ በአንድ ይቋጠርበታል። ፍሮንታል ላይ ይህ መረብ ከጆሮ እስከ ጆሮ ይሄዳል። ክሎዠር ላይ አናት ፊት ለፊት 4 በ4 ወይም 5 በ5 ኢንች ብቻ ነው። ፍሮንታል የሚወደደው ፀጉሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ማስያዝ ስለሚቻል ነው። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። ያ ሁሉ ጠርዝ እንዳይነሳ መለጠፍ አለበት።

መለጠፊያው ፀጉር ቤት 1,200 ብር ነው፣ በየሁለት ሳምንቱ። ሲገዛ ይህን ማንም አይነግራችሁም። በዚያ ላይ ላብ። አንድ ቀን ቃሊቲ ጋር መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለናል፣ ከጎኔ እናቱ ጭን ላይ የተቀመጠ ልጅ ትኩር ብሎ ሲያየኝ ቆይቶ "እማዬ፣ የእሷ ግንባር ተላጠ" አላት። እናቱ አፉን ያዘችው። እኔ ነጠላዬን ግንባሬ ድረስ ስቤ ወረድኩ፣ መውረጃዬ ገና ነበር።

በሦስተኛው እጥበት ፀጉሩ ይጠላለፍ ጀመር። ማበጠሪያው ላይ በጭብጥ እየመጣ። ሻጯ "ውድ ኮንዲሽነር ተጠቀሚ" አለችኝ። ተጠቀምኩ። ከዚያ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርቼ ተቀምጬ፣ ከመሀል ከተሰፋው ጥቂት ዘለላ ቆርጬ እሳቱ ላይ ያዝኩት። ግማሹ አመድ ሆነ። ግማሹ ቀልጦ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ጠጠረ። ከፊት ያለው ንጹህ ሂውማን ሄር ነበር፣ ከመሀልና ከኋላ አርቴፊሻል ተቀላቅሎበታል። ፎቶ አንስቼ ላክሁላት፣ ብሎክ አደረገችኝ። ሂሳቡ ይኸው፦ 38,000 ብር፣ ሲደመር ለሰባት ወር መለጠፊያ 16,800። አንድ ላይ 54,800። በወር 7,828 ብር። ከቤት ኪራይ ጋር አወዳድሩት። ሙጫው የራሴን ፀጉር ከግንባሬ ዳር ነቅሎ ወስዶታል፣ እሱን በብር አላሰላሁትም።

ስለዚህ ሻጭ ፊት የሚደረግ ፈተና ልንገራችሁ። ክብሪት ይዛችሁ ሂዱ። ሦስት አራት ዘለላ ከፊት ሳይሆን ከመሀል ቁረጡ። እውነተኛ ፀጉር ሲቃጠል በበዓል ማግስት ሰፈር ውስጥ የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ የሚሸተውን ይሸታል፣ በጣት ሲያሹት ይፈረፈራል። አርቴፊሻል ፌስታል ፌስታል ይሸታል፣ ጠብታ ሠርቶ ይደርቃል። "አይ፣ እቃዬን አታቃጥይ" ካለች ሻጭ አመስግናችሁ ውጡ። ሁለተኛው ፈተና በጣት ነው። ከጫፍ ወደ ሥር ወደ ላይ ዳብሱት። ትንሽ ሻከር ካለ ጥሩ ነው፣ ቅርፊቱ (ዘለላውን የሚሸፍነው ስስ ልባስ) አለ ማለት ነው። ሁለቱም በኩል እንደ ዘይት የሚያሟልጭ ከሆነ ጠርጥሩ፣ ቅርፊቱ በአሲድ ተነስቶ ሲሊኮን ተቀብቶ ይሆናል። ሲሊኮኑ በጥቂት እጥበት ይሄዳል፣ ከዚያ መጠላለፍ ነው።

10ኤ፣ 12ኤ የሚባለውን የጥራት ደረጃ ደግሞ እርሱት። የሚቆጣጠረው አካል የለም፣ ያመረተው ወይም የሸጠው የወደደውን ይጽፋል። "ብራዚሊያን" የሚለውም የንግድ ስም ነው። ለገበያ ከሚቀርበው ፀጉር ብዙው የሚመጣው ከሕንድ ነው፣ እንደ ቲሩማላ ባሉ ቤተ መቅደሶች ምእመናን ለስለት ተላጭተው የሚተዉት ፀጉር በጨረታ ይሸጣል። ዊግ የሚሠራው ደግሞ በብዛት ቻይና ነው፣ ሹቻንግ የምትባለው ከተማ ሥራዋ ይኸው ነው። ለብራዚል ስም ብላችሁ አምስት ሺህ አትጨምሩ።

አሁን ወደ ሦስተኛው። መርካቶ በእግሬ ሄጄ፣ በጠዋት፣ ከሱቁ ወጥቼ በፀሐይ አይቼ ገዛሁት። 12 ኢንች፣ 5 በ5 ክሎዠር፣ ብዛቱ (የፀጉሩ ጥቅጥቅነት) 150 የሚሉት። 21,000 ብሎኝ በ17,500 ተስማማን። አጭር መሆኑ ዋጋውን ግማሽ ያህል ያወርደዋል። ለኛ ሰፈር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣልን፣ 22 ኢንቹን ለማጠብ አንድ ጀሪካን ሙሉ ይፈጃል፣ ይሄ በግማሽ ይጠራል፣ ፎን ሳይነካውም በረንዳ ላይ ይደርቃል።

ብዛት ሲበዛ ጥሩ ይመስላችኋል። አይደለም። 200 ያደረገችውን ሴት ከሩቅ ታውቋታላችሁ፣ የአንበሳ ጎፈር ነው። ከ130 እስከ 150 በቂ ነው። እንደ ሐር የሚያብረቀርቅ ሉጫም አትምረጡ። ያኪ የሚሉት አለ፣ ፎን የተሠራ የሐበሻ ፀጉር ይመስላል፣ ከራሳችሁ ጋር አይጣላም።

ሌሱ ነጣ ያለ ነበር፣ ለኛ ቆዳ አመድ የነካው ይመስላል። ሻይ ቅጠል አወፍሬ አፈላሁ፣ ቀዝቀዝ ሲል ሌሱን ብቻ አሥር ደቂቃ ነከርኩት። ወጪ የለውም። ቋጠሮዎቹ ግን እንደ ቁንዶ በርበሬ ጠቆር ጠቆር ብለው ይታያሉ፣ እነሱን ብሊች ለማስደረግ (ቀለማቸውን ለማስነጣት) 800 ብር ከፈልኩ። ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ብሊቹ ከቆየ ቋጠሮው ይደክማል፣ ፀጉሩም ይረግፋል። ጎረቤቴ ቪዲዮ አይታ ሞክራ አንድ ጎን በራ አድርጋዋለች፣ መልሶ በመርፌ ለማስቋጠር 3,000 ብር ተጠየቀች። ኤችዲ የሚባለው ስስ ሌስም የራሱ አደጋ አለው። ቆዳ ላይ ይጠፋል፣ ግን የነጠላ ጥለት ሲይዘው እንኳ ይቀደዳል።

ሙጫ እንዳያስፈልገው ደግሞ ከኋላ ከጆሮ እስከ ጆሮ ላስቲክ ማሰፋት ነው። ፀጉር ቤት 500 ብር አሉኝ። እኔ ከብሎካችን ሥር ላለው ልብስ ሰፊ ወሰድኩት። ገልብጦ፣ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ሲያየው ቆየና "ልጄ፣ ይሄ ኮፍያ ነው?" አለኝ። "አዎ ጋሼ፣ የክረምት ኮፍያ" አልኩት። 60 ብር። እስካሁን አልለቀቀም። ከሥሩ ቀጭን ሹሩባ እሠራለሁ፣ ማታ አወልቃለሁ፣ ቆዳዬ ይተነፍሳል።

እንከን የለውም አልልም። ወደ ኋላ ጥርቅም አድርጎ ማሰር አይቻልም፣ ጎኑ ያጋልጣል። ፀጉሩን ለሁለት ከፍላችሁ መስመር ማውጣትም የምትችሉት በዚያችው 5 ኢንች ውስጥ ነው። ሙሽራ ከሆናችሁና ፀጉሩ ወደ ላይ የሚሠራ ከሆነ ፍሮንታል ግዙ፣ ለሁለት ቀን ሙጫ ማንንም አይገድልም፣ ብቻ ቀድማችሁ ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቀብታችሁ እንደማያሳክካችሁ እዩ።

የኔው 16 ወር ሆነው። 17,500፣ 800ና 60 ስደምር 18,360 ነው። በወር 1,147 ብር ከምናምን። ያቺን ርካሽ የተባለችውን አርቴፊሻል 1,870 አስታወሳችሁ?

ይህን ሁሉ በቃል ነግሬያት አንዷ ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት 24 ኢንች ፍሮንታል ገዛች። ትናንት ማታ ደወለች። "ስሚ፣ ሙጫው ገላ ስታጠቢ ይለቃል እንዴ?"