ዊንደርሚር፣ ኡልስዎተር፣ ደርወንትዎተር ወይስ ራትላንድ? ሐይቅ ለመሄድ ላሰባችሁ

ሰኔ ሲቃረብ ሁሌ የሚመጣብኝ ጥያቄ አለ። «ሐይቅ ልንሄድ ነው፣ የትኛው ይሻላል?» ጠያቂው ለንደን ወይም በርሚንግሃም ያለ ሀበሻ ነው። የመልሱንም ግማሽ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ዊንደርሚርን ሰምቷል፣ ሌላውን አልሰማም። እኔም መልሼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። በምን ነው የምትሄዱት? ማንን ይዛችሁ? ውበቱን በኋላ እናነሳዋለን፤ አራቱም ያምራሉ።

የማወዳድራቸው አራት ናቸው። ሦስቱ ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሌክ ዲስትሪክት የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ናቸው። ፓርኩ በ1951 ተቋቋመ፣ በ2017 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። አራተኛው ራትላንድ ዎተር ነው። እሱ መሀል አገር ላይ ሰው የሠራው የውሃ ማጠራቀሚያ ነው።

ስለ ስማቸው አንድ ነገር ልበል። «ሚር»ም «ዎተር»ም በድሮው አጠራር ሐይቅ ማለት ነው። ስለዚህ «ዊንደርሚር ሐይቅ» ማለት ወሎ ያለውን ውሃ «ሐይቅ ሐይቅ» እንደምንለው መሆኑ ነው። ከፓርኩ ትልልቅ ውሃዎች በስሙ ላይ «ሌክ» የሚል ያለበት ባሰንትዌይት ብቻ ነው።

ዊንደርሚር፦ መኪና ለሌለው

የእንግሊዝ ትልቁ የተፈጥሮ ሐይቅ ነው። ርዝመቱ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ትልቅ ሲባል ግን ጣናን እንዳታስቡ። ጣና ውስጥ ከ200 ጊዜ በላይ ይገባል። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ላይ ወንዝ ነው የሚመስለው።

ትልቁ ጥቅሙ ባቡሩ ነው። ሐዲዱ ከ1847 ጀምሮ አለ። ከለንደን ዩስተን ኦክስንሆልም ለመድረስ ሦስት ሰዓት አይሞላም። እዚያ ወርዶ በትንሿ ባቡር 20 ደቂቃ ያህል ነው። ልብ በሉ፣ ጣቢያው ሐይቁ ዳር አይደለም። ጀልባዎቹ የሚነሡት ከቦውነስ ነው፤ ከጣቢያው ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ቁልቁል ነው። ሲሄዱ ይቀላል። ማታ ልጅ አዝሎ ሲመለሱ ግን ያው መንገድ ዳገት ይሆናል። ያን ጊዜ 599 ቁጥር አውቶቡስን መጠበቅ ነው።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ኦረስት ሄድ ወደሚባል ጉብታ የሚወጣ መንገድ አለ። ከፍታው 238 ሜትር ብቻ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። ሐይቁ በሙሉ ከሥር ተዘርግቶ ይታያል። ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ጀልባው ስለሚሮጥ ይህን ያልፈዋል፤ ለእኔ ግን የዊንደርሚር ምርጡ ነገር ይኸው ነው።

ጉዳቱስ? ሕዝቡ። የነሐሴ ቅዳሜ ላይ ቦውነስ የበዓል ዋዜማ መርካቶ ይመስላል። የአይስክሬም ሰልፍ፣ የጀልባ ሰልፍ፣ የፓርኪንግ ሰልፍ። የውሃው ጥራትም አለ። ወደ ሐይቁ የሚገባው የፍሳሽ ጉዳይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ሰው ያስቆጣ ነገር ነው። በሞቃት ወራት ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ይወጣል፤ ይህ ሰውን ያሳምማል፣ ለውሻ ደግሞ ይብሳል። ልጆቹ እንዲዋኙ ከፈለጋችሁ በመዋኛነት የተመዘገቡትን ቦታዎች ምረጡ፤ ለምሳሌ ፌል ፉትን ወይም ሚለርግራውንድን። በዕለቱ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ ካለም አንብቡ።

ፈጣን ጀልባ የሚያምረው ሰው ደግሞ ሌላ ቦታ ይፈልግ። ከ2005 ጀምሮ የዊንደርሚር የፍጥነት ወሰን በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል።

ኡልስዎተር፦ መራመድ ለሚወድ

በትልቅነት ሁለተኛው ነው፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከዊንደርሚር ጋር ሲነጻጸር ጸጥ ያለ ነው፣ ተራሮቹም ወደ ውሃው ቀረብ ይላሉ። ብዙ እንግሊዞች በውበት ይህን ያስቀድማሉ፤ እኔም ልከራከራቸው አልችልም።

እዚህ የሚደረገው ነገር አንድ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከግሌንሪዲንግ በጀልባ ወደ ሃውታውን ትሻገራላችሁ፣ ከዚያ በሐይቁ ዳር እየተራመዳችሁ ትመለሳላችሁ። አሥር ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ሦስትና አራት ሰዓት ይወስዳል። መጀመሪያ በጀልባ ሄዳችሁ በእግር ተመለሱ፤ በተቃራኒው ካደረጋችሁት የጀልባው ሰዓት ከኋላችሁ እየነዳ እረፍት ይነሳችኋል። የጀልባ ድርጅቱ ከ1859 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ዛሬም ከሚሠሩት ጀልባዎች አንዷ፣ ሌዲ ኦፍ ዘ ሌክ፣ ውሃ ላይ የወረደችው በ1877 ነው። አድዋ ገና 19 ዓመት ይቀረው ነበር።

እግር ካልፈቀደ አይራ ፎርስ የሚባለው ፏፏቴ አለ፤ 20 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጢስ ዓባይን ላየ ሰው ትንሽ ነው። ዛፎቹ መሀል ያለው ቅዝቃዜና ድምፅ ግን ደስ ይላል።

ያለ መኪና ኡልስዎተር ያስቸግራል። በባቡር እስከ ፔንሪዝ ነው፤ ከዚያ 508 አውቶቡስ ነው፣ እሱም ቶሎ ቶሎ አይመጣም። አንድ እሑድ የሥራ ቀን ሰዓቱን አይቼ ሄጄ የመጨረሻው አመለጠኝ። ታክሲ ጠራሁ። የከፈልኩትን እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቴ ታነበዋለች።

ደርወንትዎተር፦ የእኔ ምርጫ

አንድ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ካላችሁ፣ ወደዚህ ሂዱ።

ምክንያቱ መጠኑ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከአንድ ቦታ ቆሞ ሁሉንም ማየት ይቻላል። ከተማዋ ኬዚክ ትባላለች (አጻጻፏ ውስጥ ደብልዩ አለ፣ አይነበብም)። ከገበያው መሀል እስከ ውሃው ዳር በእግር አሥር ደቂቃ ነው። አንዴ ኬዚክ ካደራችሁ መኪናውን አቁማችሁ ልትረሱት ትችላላችሁ። ከፔንሪዝ ባቡር ጣቢያ የሚመጣ አውቶቡስም አለ፤ ከኡልስዎተሩ ይልቅ ይመላለሳል።

ጀልባው ሐይቁን በ50 ደቂቃ ይዞራል። ልዩ የሚያደርገው እንደ ታክሲ መሆኑ ነው፤ በየወደቡ ይቆማል፣ ወርዳችሁ ተራምዳችሁ ሌላው ጋ ትሳፈራላችሁ። ሆስ ኤንድ ላይ ከወረዳችሁ ካትቤልስን ትወጣላችሁ። 451 ሜትር ነው። ጫፉ ላይ እጅን ጭምር የሚያስጠቀም ድንጋይ አለ፣ ግን ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ በሰው እየታገዘ ይወጣዋል። ወገብ የሚያመው ጀልባው ላይ ይቀመጥ፣ ወጣቱ ይውጣ፣ ሻይ ላይ ተገናኙ። አያትና ጎረምሳ በአንድ ቀን ደስ የሚላቸው ቦታ ብዙ አይገኝም።

ጋሪ ለሚገፋ ሰው ፍራያርስ ክራግ ድረስ ደልዳላ መንገድ አለ። ከኬዚክ ወደ ስሬልኬልድ የሚወስደው የድሮ ባቡር መንገድም አለ፣ አምስት ኪሎ ሜትር፣ ወንዝ ወንዙን ይዞ የሚሄድ። በ2015 ዴዝመንድ የተባለው ማዕበል ድልድዮቹን ጠራርጎ ወስዶ ነበር፤ በ2020 መጨረሻ ተጠግኖ ተከፈተ።

ዝናብ? አዎ። ከሐይቁ ደቡብ ትንሽ ራቅ ብላ ሲዝዌይት የምትባል መንደር አለች። በዓመት ወደ 3 ሜትር ተኩል ዝናብ ይወርድባታል፤ ሰው ከሚኖርባቸው የእንግሊዝ ቦታዎች አንደኛ ናት። ጃንጥላ ነፋሱ ይገለብጠዋል፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ያዙ።

ራትላንድ ዎተር፦ ልጆች ላሉትና አንድ ቀን ብቻ ላለው

ከለንደን ሌክ ዲስትሪክት በመኪና አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። «ሄደን እንመለሳለን» የሚል ሰው ቀኑን ሞተርዌይ ላይ ይጨርሳል። ራትላንድ ግን ከለንደን ሁለት ሰዓት ከምናምን፣ ከበርሚንግሃም አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከሌስተር ደግሞ ቅርብ ነው።

በ1970ዎቹ ሸለቆ ገድበው የሞሉት ውሃ ነው፤ ስፋቱ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ተራራ የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ፎቶ አይተው ሄደው የሚያዝኑ ስላሉ ነው። ያለው ብስክሌት ነው። ሙሉው ዙር 37 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሃምብልተንን ምላስ መሬት ከተዋችሁት ወደ 27 ይወርዳል። ከመኪና የተለየ መንገድ ስለሚበዛው ልጅ ፊት ፊት ቢነዳም ልብ አይሰቀልም። ብስክሌት ዊትዌልና ኖርማንተን ላይ ይከራያል። ኖርማንተን ያለው ቤተ ክርስቲያን ግማሽ አካሉ በድንጋይና በኮንክሪት ተሞልቶ ከመስጠም የተረፈ ነው፤ ዛሬ ውሃው ላይ የቆመ ይመስላል።

ዓሣ በል የሆነው አሞራ ኦስፕሪ በ1996 በተጀመረ ፕሮጀክት ወደዚህ ተመልሷል። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ በጋቸው ማብቂያ ይታያል። ከዚያ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይሄዳል፤ የእንግሊዝን ክረምት መሸሽ የጀመርነው እኛ ብቻ አይደለንም። ትራውት ለማጥመድ የሚመጣም ብዙ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ13 ዓመት ጀምሮ የመንግሥት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለሱ መያዝ እስከ 2,500 ፓውንድ ያስቀጣል። የቦታው ክፍያ ከዚያ ውጭ ነው።

መዋኘትን በተመለከተ የውሃ ማጠራቀሚያ ስለሆነ እንደ ልብ አይገባበትም፤ በተፈቀደ ቦታና ሰዓት ብቻ ነው።

አራቱንም የሚመለከት

ውሃው ላንጋኖ አይደለም። ሐምሌ ላይም ሰውነት ያስደነግጣል፤ ቶሎ ዘሎ የገባ ዋናተኛ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቀስ ብላችሁ ግቡ። የሚነፋ ጀልባ ወይም ፓድልቦርድ ካላችሁ፣ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ከመውሰዳችሁ በፊት አጥባችሁ አድርቁት፤ መጤ አረምና ቀንድ አውጣ ይዞ ይሄዳል።

ሥጋ ጠብሰን እንበላለን ብላችሁ ከሰል አትጫኑ። ተራራማው ክፍት መሬት ላይ እሳት አይፈቀድም፣ ባለመሬቱ ካልፈቀደም ድንኳን አይተከልም። ምሳውን ከቤት ያዙ። የፈረንጅ ነሐሴ ፍልሰታ ላይ ስለሚውል ለብዙዎቻችን ምግቡ ያው የጾም ነው። ኬዚክና አምብልሳይድ (የዊንደርሚር ሰሜን ጫፍ ያለች ከተማ) ላይ ያሉት የወጣቶች ማደሪያዎች የቤተሰብ ክፍልና እንግዳው ራሱ የሚያበስልበት ወጥ ቤት አላቸው። ሽሮ ሠርቼበታለሁ። ሽታው ሁለት ጀርመኖች ጋበዘልኝ።

ባለፈው ሰኔ አንዲት እህታችን ደወለችልኝ። ሦስት ልጆች፣ ከአዲስ አበባ የመጡ እናት፣ መነሻ በርሚንግሃም፣ አንድ ቀን። ሳላመነታ ራትላንድ አልኳት። «እሺ ወንድሜ» አለች። ቅዳሜ ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። ቦውነስ ናት፤ 40 ደቂቃ ፓርኪንግ ፍለጋ ዞራለች።

«ያ ሁሌ የምታወራለት ኬዚክ ከዚህ ስንት ደቂቃ ነው?» አለችኝ።