ለላፕቶፕ ስንት ጊጋ ራም ይበቃል? ከቲንክፓድ ቲ480 ጋር ያሳለፍኳቸው ወራት

ጎንደር፣ ማራኪ ግቢ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የሕትመት ሱቅ አለችኝ። ቀን የተመራቂዎችን ጽሑፍ አስተካክላለሁ፤ ማታ የሠርግና የጥምቀት ፎቶ አርማለሁ። ሁሉንም የምሠራው ባገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። ስገዛው 8 ጊጋ ባይት ራም (የተከፈተ ሥራ ሁሉ ለጊዜው የሚያርፍበት ማስታወሻ) ነበረው፤ ከወራት በኋላ 16 አደረስኩት። ፍርዴን ላስቀድም፦ ለጽሕፈት 8 ይበቃል፣ ለፎቶ 16 ይሻላል፤ 32 ግዙ የሚላችሁ ሰው ግን መጀመሪያ ሥራችሁ ምን እንደሆነ ይጠይቃችሁ።

ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን 4 ጊጋ ነው። በዚያ መጠን ደስ የሚለው ሲከፈት ማየቱ ብቻ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ አሁን ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ሒሳቡን ከ8 ቢጀምር ይሻለዋል። እኔ በ8 ጊጋ ሰንጠረዥ የበዛበት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ፋይል የሚላክበት ቴሌግራምና የተወሰኑ የድረ ገጽ መስኮቶችን ባንድ ላይ ከፍቼ ያለ ችግር ሠርቻለሁ።

ነገሩ የከበደው ፎቶ ላይ ነው። በፋሲለደስ መዋኛ ወጣቶቹ ውኃው ውስጥ ሲዘልሉ የተነሣ ባለ 24 ሜጋ ፒክስል ፎቶ ዲስክ ላይ ተጨምቆ ስለሚቀመጥ ብዙ ጊዜ ከ10 ሜጋ ባይት ብዙም አይርቅም። ፎቶሾፕ ሲከፍተው ግን ለእያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ባይት ይመድባል፤ 72 ሜጋ ባይት ይሆናል። ቀለሙን ይበልጥ በሚያረቅቀው በ16 ቢት ከሠራችሁ 144። ሙሉውን ምስል የሚሸፍን ሌየር (ተደራቢ ንብርብር) በጨመራችሁ ቁጥር ያው ይደገማል፣ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያዘው ታሪክም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ደርዘን ፎቶ ባንዴ ስከፍት 8ቱ ጊጋ ይሞላና ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያሸጋግራል። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ባይኖረው ኖሮ ሥራው ይቆም ነበር፤ ኤስኤስዲ ስላለው ብሩሹ ከእጄ ወደ ኋላ እየቀረ ይከተለኝ ነበር። ለነጠላ ጥለት ቀለም ማስተካከል በዚያ ሁኔታ ትዕግሥት ይፈታተናል።

ቲ480 ዲዲአር4 ለሚባለው የራም ዓይነት ሁለት ማስገቢያ ስላለው ሁለተኛ 8 መጨመር ቀላል ነው። ወንድሙ ቲ480ኤስ ግን ከራሙ ከፊሉ ቦርዱ ላይ የተበየደ ሲሆን ክፍት ማስገቢያው አንድ ብቻ ነው፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ስትገዙ ልብ በሉ። የቀድሞው ትውልድ ዲዲአር3 ጥርሱ ስለማይገጥም አይገባም። የፍጥነት ቁጥሩ 2666 የሆነ ራም ብታስገቡ ይሠራል፣ ፍጥነቱ ግን 2400 ላይ ይቀራል። ሽፋኑን ከመክፈታችሁ በፊት የኋላውን ባትሪ አውጡ፤ ውስጥ ሌላ ባትሪ ስላለ እሱን በባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) በኩል ማጥፋት ያስፈልጋል። ይኸው ጥንድ ባትሪ መብራት ሲጠፋ ባለውለታዬ ነው፤ ራም ላይ ያለ ሥራ ኃይል ሲቋረጥ አብሮ ስለሚጠፋ፣ ያልተቀመጠ ምዕራፍን ስንት ጊጋ ቢኖር አያድነውም።

ራሙን 16 ካደረስኩት ወዲህ ሥራ በሚጠናብኝ ሰዓት ታስክ ማናጀርን (ምን ያህል ራም እንደተያዘ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) እከፍታለሁ፦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ባንድ ላይ። ቁጥሩ 11 ወይም 12 ጊጋ አካባቢ ይቆማል። ጠዋት ምንም ሳትከፍቱ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ብታዩት አትደንግጡ፤ ዊንዶውስ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። ማየት ያለባችሁ በሥራችሁ እጅግ የከበደውን ሰዓት ነው።

በቅርቡ አንድ ተማሪ «ጋሼ፣ 32 ላድርገው?» ሲል ጠየቀኝ። ላፕቶፑ 4 ጊጋ ራምና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው፣ ሥራውም ጽሑፍና ቪዲዮ ማየት ነው። ኤስኤስዲ እንዲያስገባና ራሙን 8 እንዲያደርስ ነገርኩት፤ ለ32 ካሰበው ገንዘብ ይተርፈዋል። ሁለት ሦስት ቨርችዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) የሚያስነሣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር፤ እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ጊጋ ቆርጦ ይወስዳልና።

ባለ 8 ጊጋ ስትገዙ አንድ ባለ 8 ይሁን ሁለት ባለ 4 ሻጩን ጠይቁት። ባለ 4ዎቹ ሁለቱንም ማስገቢያ ስለያዙ ወደ 16 ለመሄድ ሁለቱንም ማውጣት ግድ ይሆናል። ስንት ማስገቢያ እንደተያዘ ያው ታስክ ማናጀር በሜሞሪ ገጹ ላይ ያሳያል፤ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ እዩት።