የልጄን ትምህርት ቤት በወላጅ አያያዙ ስመዝነው (ከ5 ኮከብ 4)

ሰው የትምህርት ቤት ሪቪው ሲጽፍ ስለ እንግሊዝኛውና ስለ ሰርቪሱ ነው የሚያወራው፣ እኔ ግን ወላጅን እንዴት ነው የሚይዙት የሚለውን ብቻ ነው የምጽፈው። ስም አልጠራም፣ አዲስ አበባ ጀሞ አካባቢ ያለ የመንግስት አንደኛ ደረጃ ነው፣ ልጄ 3ኛ ክፍል ናት፣ ከዛ በፊት የግል ነበረች ስለዚህ ሁለቱንም አይቻለሁ።

የግሉ ወላጅ የሚጠራው ለሁለት ነገር ነበር፣ ወይ ልጅሽ አጥፍታለች ወይ ክፍያ ልንጨምር ነው። የጭማሪው ስብሰባ ቀን አዳራሹ ከመሙላቱ የተነሳ ሰው ቆሞ ነው የሚሰማው፣ ፐርሰንቱ ላይ ተጨቃጭቀን እንበተናለን፣ በቃ እስከ ከርሞ ማንም አይፈልግሽም። ልጅቷ ታነባለች አታነብም የሚል ወሬ የለም፣ ካርዱ ላይ 90 ምናምን ተጽፎ ይመጣል እኛም እልል ብለን እንፈርማለን።

እዚህ የመጀመሪያው ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። መስሪያ ቤት ለሚውል ሰው ፈቃድ መለመን ቀረለት (ጉሊት ለሚሸጡት ግን ቅዳሜ ዋና ገበያቸው ነው፣ እነሱ አሁንም ይቀራሉ፣ ይሄ መታሰብ አለበት)። ንግግር ይበዛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ርዕሰ መምህሩ ትንሽ ተናግረው በየክፍላችን ግቡ አሉን፣ የልጆቹ ዴስክ ላይ ጉልበታችን አገጫችን ሊደርስ ተጣጥፈን ተቀመጥን፣ ከዛ ቲቸሯ ልጆቹን በየተራ ከነወላጃቸው እየጠራች የአማርኛ መጽሐፉን ማስነበብ ጀመረች። የኔዋ ተራ ደረሰና እንደ ውሃ ለቀቀችው፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ፣ ቲቸሯ ዝም ብላ ስዕሉን በእጇ ሸፈነችና ከመሃል አንድ መስመር አሳይታ «እስቲ ይቺን ብቻ» አለቻት። ልጄ ጭጭ። ለካ ገጹን በቃሏ ነው የያዘችው! ቲቸሯ ልጅቷን ሳታሳፍር ወደኔ ዞር ብላ «እቤት ማታ ማታ አንድ ገጽ፣ ከመሃል እየጀመሩ ያስነብቧት፣ ብቻ አይቆጧት» አለችኝ። ያን ሁሉ ብር ስከፍል ይሄን የነገረኝ ሰው የለም።

ሌላው የወደድኩት የአፋን ኦሮሞ ሆምዎርክ ጉዳይ ነው። እኛ ቤት የሚችል ሰው የለም፣ ብዙ ቤትም እንደዛው ነው፣ ልጆቹ ባዶ ደብተር ይዘው ይሄዱ ነበር። ከመጋቢ እናቶቹ አንዷ (ከተማው ከ2012 ጀምሮ ለመንግስት ተማሪዎች በሚሰጠው ቁርስና ምሳ ላይ የምትሰራ) ልጇ እዛው ነው የሚማረው፣ ቋንቋውም አፏን የፈታችበት ነው፣ ቲቸሩ አናግሯት አሁን ሆምዎርክ ያለ ቀን በቴሌግራም ቮይስ ቃላቱን ቀስ እያለች አንብባ ትልክልናለች። ልጄ እየሰማች ትደግማለች፣ እኔም አብሬ እየለመድኩ ነው። ወላጅ ተሳተፈ ማለት የግድ ብር አዋጣ ማለት አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ብር ካነሳን፣ ወተመህ የሚባለውን የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት ድሮ ስሙን ብቻ ነበር የማውቀው። ወረቀት ላይማ የህብረተሰብ ተሳትፎ ከመንግስት የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም 4 ዋና ጉዳዮች አንዱ ነው፣ ብዙ ቦታ ግን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። እዚህ ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም ተብሎ በፈቃደኝነት ተዋጣ፣ ሮቶ ተገዛ፣ የተረፈው ብር ከነደረሰኙ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጣ። ሰው ይሄን ካየ በኋላ ሁለተኛ ሲጠየቅ አላጉረመረመም። መስጠት ያልቻለውም ቧንቧውን በነጻ ገጠመ።

አሁን ወደማልወደው ልምጣ። የቴሌግራም ግሩፑ መከራ ነው። የመጽሐፍ ፒዲኤፍና የፈተና ፕሮግራም የሚለቀቀው እዛው ነው፣ ግን በእንኳን አደረሳችሁ ስቲከርና በፎርዋርድ ስለሚዋጥ ግማሹ ወላጅ ሚዩት አድርጎታል፣ አንዴ የፈተና ቀን ተቀይሮ ብዙዎቻችን ያወቅነው ልጆቹ ሲመጡ ነው። አድሚን ብቻ የሚጽፍበት ቻናል ይከፈት ብለን ወተመህ ላይ አንስተናል፣ እስካሁን የለም። ስማርት ስልክ የሌላቸው ደግሞ አሉ፣ ለነሱ ደብተር ላይ ተጽፎ ይላክ።

አባቶችስ? ስብሰባ ላይ ሴት በሴት ነን። አባት የሚታየው «ወላጅ ይዘህ ና» የተባለ ቀን ነው፣ እሱም ቀበቶውን እያስተካከለ። ይሄ የትምህርት ቤቱ ጥፋት ነው አልልም፣ ግን የጥሪ ወረቀቱም «ለተማሪ እናት» እያለ ነው የሚመጣው፣ ለምን?

አንዱን ኮከብ የቀነስኩት ግን በበሩ ምክንያት ነው። ከስብሰባ ቀን ውጪ ቲቸር ላናግር ብለሽ ብትሄጂ ጥበቃው ደብዳቤ ይዘሻል ወይ ይልሻል። ለልጆቹ ደህንነት መሆኑ ይገባኛል፣ ግን ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን፣ ከትምህርት በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳን ቢሆን ለወላጅ ክፍት ይሁን። ምክትሏን ጠይቄያት ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ እናስብበታለን ብላኛለች፣ ካደረጉት ተመልሼ 5 አደርገዋለሁ።