«ማዘርቦርዱ ሞቷል» የተባለውን ላፕቶፕ ላስነሳልኝ ልጅ

ሰላም ወገኖች። ስድስት ኪሎ አካባቢ አነስተኛ የጽሑፍና የኅትመት ቤት አለኝ፤ እንጀራዬ በአብዛኛው የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ፍላሽ በየደቂቃው ይሰካል፣ ቫይረሱም አብሮ ይገባል። እሱ ሲያታክተኝ ሦስቱን ላፕቶፖችና አንዷን ዴስክቶፕ ከዊንዶውስ ወደ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ነው) አዞርኳቸው። ከቫይረሱ ተገላገልኩ። ባዮሱንና ሌላውን ፈርምዌር (በየቺፑ ውስጥ ተጽፎ ማሽኑን የሚያስነሳውንና ክፍሎቹን የሚመራውን ፕሮግራም) ማደስ ግን ትዝም ብሎኝ አያውቅም።

ሰኔ ላይ፣ ሥራው በሚጨናነቅበት ሰዓት፣ አንደኛው ላፕቶፕ በታይፕ ሲ ቻርጅ ማድረግ አስቸገረ። መጀመሪያ አንዳንዴ ይቀበል ነበር፤ በኋላ ጭራሽ እምቢ አለ። የወሰድኩበት ቤት (ስሙ ይቅር) «ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። «ሊኑክስ ስለጫኑበት ነው፤ ባዮስ በዊንዶውስ ካልሆነ አይታደስም» የምትል ተግሣጽም መረቀልኝ።

አንዲት ደንበኛዬ ናት መገናኛ የሚሠራውን ልጅ የጠቆመችኝ። ላፕቶፑን ሳይከፍት «ጋሼ፣ ፈርምዌሩ መቼ ነው የታደሰው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። የታይፕ ሲውን ቀዳዳ የሚመራው የታንደርቦልት ቺፕ አሮጌ ፈርምዌር ላይ እንደነበር፣ ይኸው ፈርምዌር የራሱን ትንሽ ሜሞሪ ደጋግሞ እየጻፈ እንደሚሞላው፣ ሲሞላም ቀዳዳው ሥራ እንደሚያቆም አስረዳኝ። ቀጥሎ «ሌሎቹ ሁለት ላፕቶፖችም ያው ሞዴል ከሆኑ ተራቸውን እየጠበቁ ነው» አለኝ። ሮጬ አመጣኋቸው።

እነዚያን ሁለቱን እዚያው ኡቡንቱ ላይ አደሳቸው። ኤፍ ደብሊው አፕዲ (fwupd) የሚባል ፈርምዌር ማደሻ ፕሮግራም አለ፤ ለካስ ኡቡንቱው ይዞት ነው የመጣው! ባዮሱን፣ ኤስኤስዲውን፣ ታንደርቦልቱን ከነቁጥራቸው ዘርዝሮ አዲስ የወጣላቸውን ይናገራል። ፋይሎቹን የሚያስቀምጡት አምራቾቹ ራሳቸው ናቸው፣ ኤልቪኤፍኤስ (LVFS) በሚባል የጋራ ማከማቻ፤ ሪቻርድ ሂዩዝ የሚባል ሰው ሬድ ሃት በተባለው የሊኑክስ ኩባንያ ሲሠራ በ2015 (በፈረንጆቹ) የጀመረው ነው። ፋይሉ የተፈረመ ስለሆነ ፊርማው ካልተረጋገጠ አይጫንም። ባዮሱ የሚጻፈው ማሽኑ ሲነሳ፣ ገና ኡቡንቱ ሳይገባ ነው። ስክሪኑ ይጠቁራል፣ መስመር ይሄዳል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ማሽኑ በራሱ ይጠፋና ይነሳል። «ምንም ቢሆን ቁልፉን እንዳይነኩ» ብሎ አስቀድሞ ባያስጠነቅቀኝ ኖሮ ያለጥርጥር ነክቼው ነበር።

ከሁሉ የወደድኩለት ጥንቃቄውን ነው። ፋይሎቼ ኮፒ እንዳላቸው ጠየቀ፣ ዲስኩ የተቆለፈ እንደሆነ የመክፈቻውን ቃል በእጄ እንድይዝ ነገረኝ፣ ባትሪው በደንብ ሳይሞላና ቻርጀሩ ሳይሰካ አልጀመረም። ዴስክቶፗንማ «ዩፒኤስ ካላመጡ አልነካትም፤ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ አትነሳም» ብሎ መለሰኝ። ተበሳጨሁ። ያን ቀን ደግሞ መብራቱ አልሄደም! ቢሆንም ዩፒኤስ ተውሼ በሳምንቱ ወሰድኩለት።

«የሞተውስ» አትሉም? የታይፕ ሲው ቀዳዳ ጭራሽ ሥራ አቁሞ ስለነበር በሶፍትዌር አልሆነም። ጀርባውን ከፈተ፣ ባትሪውን ነቀለ፣ ስምንት እግር ያላት ትንሽ ቺፕ ላይ ቆንጣጭ መሳይ ነገር ነክሶ ፕሮግራመር ከሚባል የቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ መሣሪያ ጋር አገናኘ። የነበረውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ሁለቱን አስተያየ፤ አንድ መሆናቸውን ካየ በኋላ ነው አዲሱን የጻፈው። የድሮውን ቅጂም በፍላሽ ሰጠኝ። ቻርጀሩን ስሰካው መብራቷ ቦግ አለች። የከፈልኩት ለማዘርቦርድ የተጠየቅኩትን ሩብ እንኳ አይሞላም።

እውነቱን ለመናገር ቀጠሮ አያከብርም፤ «ነገ» ካለ ከነገ ወዲያ ቁጠሩት። ስልክም ቶሎ አያነሳም። እጁ ግን የታመነ ነው፣ የማያውቀውንም አልችልም ይላል። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ!

ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ቻርጀራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤሱንም።