እንግሊዝ ውስጥ እየሠሩ ዲግሪ መማር፦ በርቀት፣ በማታ ወይስ በሥራ ቦታ?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን «ስንት ሰዓት አለህ?» ብዬ ነው የምመልሰው። ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነው።

የገንዘቡን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። በ2025/26 የሙሉ ጊዜ ትምህርት የክፍያ ጣሪያ በዓመት 9,535 ፓውንድ ነው። የመንግሥትን የትምህርት ክፍያ ብድር ያገኘ ሰው ከኪሱ አያወጣም፣ መንግሥት በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይከፍላል። ከኦገስት 2023 ወዲህ የጀመረ ሰው በዓመት ከ25,000 ፓውንድ በላይ ሲያገኝ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ ብቻ 9 በመቶ ይቆረጥበታል። 30,000 የሚያገኝ በወር 37 ፓውንድ ተኩል ይከፍላል ማለት ነው። ከ40 ዓመት በኋላ የቀረው ይሰረዛል። ብዙ እናቶች የሚፈሩትንም ልናገር፦ ተበዳሪው ከሞተ ዕዳው ይሰረዛል፣ ለልጅ አይተላለፍም። የስደተኝነት ፈቃድ ያገኘ ሰው ለብድሩ ማመልከት ይችላል። ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ግን አይችልም።

አሁን ወደ ምርጫው። ፈረቃችሁ በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ በርቀት የሚያስተምረው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው የሚሻላችሁ። በ1969 ሲመሠረት ጀምሮ የታሰበው ለሠራተኛ ነው። ለአብዛኛው ትምህርት የመግቢያ ውጤት አይጠይቅም፣ ስለዚህ ማስረጃው በመንገድ ለጠፋበት ሰው ትልቅ በር ነው። የአክስቴ ልጅ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ትሠራለች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ሲተኙ፣ በእረፍቷ ስልኳ ላይ ታነባለች፤ የከበዳትን ቃል እጇ ላይ በእስክሪብቶ ትጽፍና ቤት ገብታ ትፈታዋለች። ዲግሪው 360 ክሬዲት ነው። በዓመት 60 ከወሰዳችሁ ስድስት ዓመት ይፈጃል። ጉድለቱ ሁለት ነው። በርቀት ለሚማር የመኖሪያ ብድር፣ ማለትም ለኑሮ ወጪ የሚሰጠው፣ በአብዛኛው የለም። ደግሞ ብቸኝነቱ ከባድ ነው፣ እሷም በሁለተኛው ወር ልትተወው ደርሳ ነበር።

ለንደን የምትኖሩና ማታ ማታ ነፃ የሆናችሁ በርክቤክን እዩ። ከ1823 ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፣ ብዙው ትምህርት ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይሰጣል። አገር ቤት ኤክስቴንሽን የተማረ ሰው ወዲያው ይገባዋል። አስተማሪ ፊት ለፊት አለ፣ አብሮ የሚያጠና ጓደኛ አለ። መስፈርቱን ያሟላ የትርፍ ጊዜ ተማሪ የመኖሪያ ብድርም ያገኛል። ልጅ የሚይዝላችሁ ከሌለ ግን አይሆንም።

ሦስተኛው በ2015 የተጀመረው የዲግሪ አፕረንቲስሺፕ ነው። ደመወዝ እየበላችሁ ትማራላችሁ፣ ክፍያ የለም፣ ብድር የለም። ካገኛችሁት ከሁሉም ይበልጣል። ችግሩ ማግኘቱ ነው፣ አሠሪ ካልያዛችሁ አይጀመርም። በሆስፒታል ረዳትነት የምትሠሩ ግን የነርስነቱ ስላለ ነገ ጠዋት አለቃችሁን ጠይቁ።

የምቆጭበት ሌላ ነገር አለ። ካፌ ውስጥ ቁጭ ብሎ «በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ ብድሩ እጅህ ይገባል» የሚል ደላላ አለ። አንድ ወዳጄ በዚህ መንገድ ተመዘገበ። እንግሊዝኛውን እንኳ የፈተነው አልነበረም። ዓመት ሳይሞላ አቋረጠ፣ ዕዳው ግን በስሙ ቀረ። ዲግሪውን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲና የሚያስተምረው ኮሌጅ የተለያዩ ከሆኑ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲው ጋ ራሳችሁ ደውሉ።

«አዲሱን ሕግ እንጠብቅ ወይ?» ለምትሉ፦ ከጃንዋሪ 2027 ለሚጀምሩ ትምህርቶች እንግሊዝ የዕድሜ ልክ ትምህርት ብድር ታስጀምራለች። የአራት ዓመት ክፍያ ያህል፣ በ2025/26 ዋጋ 38,140 ፓውንድ፣ እስከ 60 ዓመት ዕድሜ የሚወሰድ ነው። በተመረጡ የትምህርት ዓይነቶች ሙሉ ዲግሪ ሳይሆን 30 ክሬዲት ብቻ ነጥሎ መማርም ይቻላል። ዲግሪ ከሌላችሁ አትጠብቁ፣ አሁን ያለው ብድር ይበቃችኋል። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ዲግሪ ይዛችሁ መጥታችሁ ኬር የምትሠሩ ግን ብትጠብቁ ይሻላል፣ ምክንያቱም እስካሁን የውጭ ዲግሪም ተቆጥሮ ብድር በአብዛኛው ይከለከል ነበር፣ በአዲሱ ያ ክልከላ ይነሳል። እስከዚያው የኦፕን ዩኒቨርሲቲን ነፃ ገጽ፣ ኦፕንለርንን፣ ከፍታችሁ አንድ አጭር ኮርስ ሞክሩ። የአክስቴ ልጅም በእሱ ነው የጀመረችው፣ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቷ ነው።