«አልደረሰኝም» ሲባል፦ የኢቤይ የሻጮች ጥበቃ ሲመዘን

አሜሪካ ሆኖ ጀበና፣ የሐበሻ ቀሚስ ወይም ያገለገለ ስልክ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ የሚሸጥ ሰው ቀድሞ የሚያሳስበው ነገር አለ፤ ትራኪንጉ (የእሽጉ መከታተያ) «ደርሷል» እያለ ገዢው «አልደረሰኝም» ቢል ማን ይታመናል? ኢቤይ የሚያምነው ትራኪንጉን ነው። የአገልግሎቱ ትልቁ ጥንካሬም ይኸው ነው። ነገር ግን ጥበቃው የሚሠራው ዕቃውን ሲልክ ለተጠነቀቀ ሻጭ ነው፤ ቅሬታ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ረጅም ማብራሪያ ብዙም ዋጋ የለውም።

ገዢው «አልደረሰኝም» ብሎ ቅሬታ ለማቅረብ ዕቃው ይደርሳል ከተባለበት ቀን በኋላ 30 ቀን አለው። ሻጩ ደግሞ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ለቅሬታው መልስ መስጠት አለበት። የትራኪንግ ቁጥሩ ቀድሞ ገብቷል ብሎ ዝም ማለት አያዋጣም። ኢቤይ ገብቶ ለገዢው ከፈረደ ገንዘቡ ከመሄዱም በላይ፣ ሻጩ ሳይፈታቸው የተዘጉ ክሶች ከሽያጩ 0.3 በመቶ ሲያልፉ በኢቤይ ያለው የሻጭነት ደረጃው ይወርዳል።

ትራኪንጉ የደረሰበትን ቀንና ከትእዛዙ አድራሻ ጋር የሚገጥም ከተማ ወይም ዚፕ ኮድ (የአካባቢው የፖስታ ቁጥር) ማሳየት አለበት። ጠቅላላ ክፍያው 750 ዶላር ከሞላ የተቀባዩ ፊርማም ይጠየቃል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ መላኪያና ታክስም ስለሚቆጠሩ በ720 ዶላር የተሸጠ ላፕቶፕ ሳይታሰብ መስመሩን ሊያልፍ ይችላል።

ገዢው ከከፈለ በኋላ «ወደ ሥራ ቦታዬ ላክልኝ» ብሎ መልእክት ከጻፈ አድራሻውን በእጅ ቀይሮ መላክ ጥበቃውን ያሳጣል። ሽያጩን ሰርዞ በአዲሱ አድራሻ እንደገና እንዲገዛ ማድረግ ነው፤ የምሩን የሚገዛ ሰው በዚህ አይቀየምም። አንዱ ትእዛዝ በሁለት ካርቶን ከሄደም ሁለቱም ቁጥሮች ይግቡ።

በዩኤስፒኤስ (በአሜሪካ መንግሥት ፖስታ) የሚልክ ሰው እሽጉን መንገድ ዳር ካለው ሰማያዊ ሳጥን ከመጨመር ይልቅ ፖስታ ቤት ገብቶ ማስቃኘትና ደረሰኝ መቀበል ይሻለዋል። አለበለዚያ ትራኪንጉ «ሌብል (የአድራሻ ወረቀት) ተሠርቷል» ከሚለው ላይ ለቀናት ሊቆምና ገዢውን ሊያስደነግጥ ይችላል። ብዙ እሽግ ላለው ሁሉንም በአንድ ባርኮድ የሚያስቃኝ «ስካን ፎርም» አለ።

ቅሬታው ሲመጣ መጀመሪያ የትራኪንጉ ዝርዝር ይነበብ፤ በር ላይ፣ ፓርስል ሎከር (የእሽግ መቆለፊያ ሳጥን) ውስጥ ወይስ ለሰው ተሰጠ? አፓርታማ ከሆነ ገዢው የሕንፃውን ቢሮና ጎረቤት ይጠይቅ። በአካባቢው ያለው ፖስታ ቤት እሽጉ «ደርሷል» ተብሎ የተቃኘበትን የጂፒኤስ ነጥብ ማየት ስለሚችል፣ ሌላ ቤት ተጥሎ ከሆነ እዚያ ይታወቃል።

የአሠራሩ ድክመትም ከዚሁ ይመጣል። ዚፕ ኮድ የትኛው ቤት እንደሆነ አይናገርም፤ ከበር ላይ የተሰረቀበት ሐቀኛ ገዢ ክሱን ይሸነፋል፣ ሻጩም መጥፎ አስተያየት ሊያተርፍ ይችላል። «ካርቶኑ ባዶ ነው» የሚል ክስ ደግሞ በሌላ መንገድ የሚታይ ስለሆነ ፊርማም አያድንም። ገዢው በባንኩ በኩል ክፍያውን ከተከራከረ ለሻጩ ለመልስ የሚሰጠው 5 ቀን ብቻ ነው፤ ያው ትራኪንግ እዚያም ይሠራል። ከኢቤይ ውጭ ሸጦ ክፍያውን በፔይፓል (በኢንተርኔት የክፍያ አገልግሎት) የተቀበለ ሰው ግን ገዢው እስከ 180 ቀን ድረስ መክሰስ ስለሚችል ማስረጃውን እስከዚያ ይያዝ።

ግራውንድ አድቫንቴጅ ከሚባለው የዩኤስፒኤስ የእሽግ መላኪያ ጋር የሚመጣው የ100 ዶላር መድን «ደርሷል» ለተባለ እሽግ አይከፍልም። ስለዚህ ለስልክና ለወርቅ ዋጋው 300 ዶላር ቢሆንም ፊርማ ይጨመርበት፤ ለጀበና ትራኪንጉ ይበቃል።